ነጭ ቅርፊት

ወንጌሉ በሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። ሳጥኑ አልተሰበረም፣ የዕቃ ቤቱ በር አልተገነጠለም፣ ቁልፉም እንደተቆለፈ ነው። ኢንስፔክተር ሽመክት ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘውን የጓሳ ሣር በእጁ ሲያገላብጥ ግን አንዲት ብረት አገኘ፤ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ፣ ጎኗ የተበሳሳ።

ሴት ስለሆንኩ ዕቃ ቤት አልገባም። ከደጁ ቆሜ «ምን አገኘህ?» አልኩት።

ይዟት ወደ ብርሃን ወጣ። ቄሰ ገበዙ አባ ወልደ ጻድቅ አጎንብሰው አዩና «የጥይት ቀለህ ትመስላለች» አሉ። እኔን የፋኖስ ዕቃ መሰለችኝ።

«ኮይል ናት» አለ ሽመክት። «የኤሌክትሪክ ሲጋራ ማሞቂያ። ውስጧ ሽቦ አለ፣ ሽቦውን ጥጥ ከቦታል። ጥጡ ፈሳሽ ይጠጣል፤ ሽቦው ሲግል ፈሳሹ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱን ሰው ይስባል። ስትቃጠል አውጥቶ ይጥላትና ሌላ ይገጥማል።»

አባ ወልደ ጻድቅ አማተቡ። «ትምባሆ? በእመቤቴ ዕቃ ቤት?»

እኔ ሳጅን ሸዋረጋ የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ፤ የእሳቸውን ድንጋጤ አውቀዋለሁ። በመንዝ ሰው አረቄ ቢጠጣ ይመከራል፤ ትምባሆ ቢነካ ግን አብሮት ማዕድ የሚቆርስ ያጣል። ሽመክት ከዞን የተላከልን መርማሪ ነው። የተወለደው ዓለም ከተማ፣ ሞቅ ያለው የመርሐቤቴ ምድር ስለሆነ ብርዳችንን እንደ ግል ጠላቱ ያየዋል። ደንብ ልብስ ላይ ጋቢ ደርቦ የሚመረምር ሰው ከእሱ ሌላ አላውቅም። ብዙ ጉዳይ አብረን ስለሠራን አንተ እለዋለሁ።

አፋፍ ማርያም ከዘመሮ ወጣ ብላ ገደል አፋፍ ላይ ናት። ወንጌሉ የብራና ነው፤ ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም። በዓመት አንዴ ለንግሥ ወጥቶ ሲገለጥ አይቼዋለሁ። የሐዋርያቱ ዓይን እንዴት እንደሚያይ! ያን ቀን እንኳንስ ሰው በቅሎዎቹም ዝም ያሉ ይመስለኛል። ከሳምንቱ መጀመሪያ በኋላ ማንም አላየውም፤ ዓርብ ዕለት ፀሐይ ሊያስመቱት ሲከፍቱ ሳጥኑ ባዶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አባ ቤተ ክርስቲያን አልገቡም። ከደጀ ሰላሙ ቆመው ነው የሚጸልዩት።

ሽመክት ወደ ሳጥኑ ተመልሶ ነበር። «አባቴ፣ ክዳኑ ላይ ትንሽ የተቃጠለ ነጥብ አለ። ሻማ ነው?»

«በዕቃ ቤት ሻማ አይበራም።»

አፍንጫውን ወደ እንጨቱ አስጠግቶ አሸተተ። «የተጠበሰ ቆዳ ይሸታል» አለ ለራሱ።

«አይጥ ሞታ ይሆናል» አሉ አባ።

«ቁልፉን ማን ይይዛል?»

«ከወገቤ አይለይም። ጉልበቴ ሲይዘኝ ልጄ ዲያቆን ኪዳነ ወልድ ይከፍትልኛል፤ እሱም ማክሰኞ አክስቱ ታማ ሊጠይቅ ዓለም ከተማ ወርዶ ዓርብ ነው የተመለሰ። ረቡዕ ዕለት ግን ዘበኛችን በዚህ በኩል ሞተር ብስክሌት ሲያልፍ ሰምቷል።»

ከዚያ መስቀላቸውን ጨበጡ። «እኔ ፖሊስን አልንቅም፣ ልጄ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ግዝት አወጣለሁ። የወሰደ፣ ሲወስድ ያየ፣ ሰምቶ ዝም ያለ፤ ሁሉም የታሰረ ይሁን። መጽሐፉ ካልተመለሰ እኔም ቁልፉን አስረክቤ እወጣለሁ።»

በእኛ አገር ቁልፍ ለወጉ ነው፤ በሩን የሚጠብቀው ግዝት ነው። በልጅነቴ የጠፋ ሞፈር ግዝት በተነገረ ማግስት ባለቤቱ ደጅ ተጋድሞ ሲገኝ አይቻለሁ። የታሰረ ሰው አብሮት የሚበላ የለም፣ ቢሞት የሚፈታው ቄስ የለም። ሽመክት ይህን ስነግረው ሣቀ፤ ከዚያ የአባን ፊት አየና ሣቁን ዋጠ። ቀኑ ቅዳሜ ጧት ነበር።

*

በመሐል ሜዳ ሞተር ብስክሌትም የኤሌክትሪክ ሲጋራም ያለው አንድ ሰው ነው፤ ስልክ ጠጋኙ ፍሬአብ። ሱቁ ስንገባ ከመደርደሪያው ሥር የሆነ ነገር በእግሩ ገፋ።

«ግፋው ግፋው፣ አይተነዋል» አልኩት። «መሸጡ ክልክል እንደሆነ ታውቃለህ። አሁን የመጣነው ግን ለባሰ ነው። ረቡዕ አፋፍ ማርያም ምን ትሠራ ነበር?»

«ኧረ ሳጅን! የትምህርት ቤቱን ሶላር ልጠግን ነው የሄድኩት። ርዕሰ መምህሩን ጠይቂው፤ ምሳ ያበላኝ እሱ ነው።»

ደወልኩ፤ እውነቱን ነው። ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ነበር፣ ተማሪው ሁሉ አይቶታል።

ሽመክት ኮይሏን ወረቀት ላይ አስቀመጠለት። ፍሬአብ ሰዓት የሚጠግንበትን ማጉያ ዓይኑ ላይ አድርጎ አጎነበሰ፤ ፍርሃቱ ሁሉ ጠፋ። «ውይ! ይቺን ደግሞ ምን አድርጎ ገደላት?»

«ተገድላለች?»

«በዕድሜዋ አልሞተችም። ኮይል ቶሎ የሚቃጠለው ሰውዬው ፓወር ሲያበዛ ነው፣ ወይ ጥጡ ሳይጠጣ ሲተኩሳት፣ ወይ ፈሳሹ ጣፋጭ ሲበዛበት። ያኔ ትጠቁራለች። ይቺ ግን ነጭ ናት! እንደ ኖራ ነጭ ቅርፊት ይዛለች። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም… ቆይ!» ራሱን ቀና አደረገ። «ያ ሰውዬ ይሆናል።»

«የቱ?»

«በገበያ ቀን የሚመጣ። ፊቱን በፎጣ ይሸፍናል።»

«በመንዝ ብርድ ፊቱን የማይሸፍን ማን አለ?» አልኩ።

«አይናገርም እኮ! የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል፣ ያበላሸውን ስልኩ ላይ ጽፎ ያስነብበኛል። 'አሁንም ተቃጠለ' ይላል። ፓወሩን ቀንስ አልኩት፤ ቀነሰ። አዲስ ስትገጥም ጥጡ እስኪርስ ታገሥ አልኩት፤ ታገሠ። እዚህ ብርድ ላይ ፈሳሹ ይወፍራል፣ ብብትህ ሥር አሙቀው አልኩት። እሱንም አደረገ። አሁንም ይመጣል! ለሌላ ሰው ሦስት ወር የሚበቃው ኮይል ለእሱ እስከ ቀጣዩ ገበያ አይደርስም። እኔ ደግሞ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ የለኝም።»

«የሸፈነው ለምን ይመስልሃል?» አለ ሽመክት።

«ፊቱንስ እሺ፤ ድምፁን የደበቀው ነው የገረመኝ።»

*

ፍሬአብ ሌላ ደንበኛ እንዳለው ሲጨነቅ ቆይቶ ነገረን፤ የወረዳው የቅርስ ባለሙያ ቴዎፍሎስ። ይኸኛው የሚጠረጠርበት ምክንያት ሞልቶታል። ሰኞ ዕለት ወንጌሉን ፎቶ ያነሳው እሱ ነው፤ መጽሐፉ ወደ ሙዚየም ካልሄደ ብሎ ከአባ ጋር ተጣልቷል። ቤቱ ድረስ ሄድን። በሩን ሲከፍት የሆነ ሽታ አብሮት ወጣ።

«ማንጎ ይሸታል» አለ ሽመክት። «ማንጎ በመንዝ አይበቅልም።»

ቴዎፍሎስ ቀላ። ከትራሱ ሥር ዕቃውን አውጥቶ ሰጠው። «ሚስቴ አታውቅም። እባክህ ጌታዬ።»

ሽመክት ፈትቶ ኮይሏን አወጣ። እንደ አረረ ስኳር ጥቁር ነበረች፤ ጣቱ ላይ ተጣበቀች። «ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ የት ነበርክ?»

«ደብረ ብርሃን ስብሰባ። ሰኞ ማታ ሄጄ ትናንት ነው የገባሁት።» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «እኔ ሌባ አይደለሁም። ያ መጽሐፍ በጭስና በጤዛ ሲያልቅ ስለሚያመኝ ነው የተጣላሁት። ጠፋ ሲሉኝ አለቀስኩ።»

ዕቃውን መለሰለትና ወጣን።

«እስር ቤት ሲገባ ደስ ይለኝ ነበር» አልኩ፤ ሰውየው ኩራቱ አይጣል ነው።

«አይሆንም። የእሱ ጥቁር ናት፣ የእኛዋ ነጭ።» ጋቢውን ጠቀለለ። «ነጩ ምን እንደሆነ ካላወቅን አንድ እርምጃ አንሄድም፣ ሸዋረጋ።»

*

ከሰዓት በኋላ አባ ወልደ ጻድቅ ቤት ተመለስን። ዐቢይ ጾም ነው፤ ቅዳሜ ስለሆነ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለም። ዲያቆን ኪዳነ ወልድ ሻይ ቀዳልን፤ ሎሚ ቆርጦ አጠገባችን አኖረ። በንግሥ ቀን የእሱን ዜማ ለመስማት ከግሼ ድረስ ሰው ይመጣል፤ ያን ቀን ግን ከስቶ ቃል አይወጣውም ነበር። አባቱ ከተቀመጡበት ቀና ብለው ሲያዩት ዓይናቸው ይሳሳል። «ከጠፋ ጀምሮ አልበላም፤ ከኔ ብሶ እሱ ተጎዳ» አሉን።

ሽመክት ሎሚውን አሸተተና ፈገግ አለ። «ይህ የአገሬ ሎሚ ነው።»

«ከዓለም ከተማ ነው ያመጣሁት» አለ ኪዳነ ወልድ ዝግ ብሎ።

ሽመክት ሻይ ሊጨምር ማንቆርቆሪያውን ብድግ አድርጎ ክዳኑን ከፈተ፤ ከዚያ እንደ ድንጋይ ቀረ። አንገቴን አሰገግኩ። የማንቆርቆሪያው ሆድ በነጭ ቅርፊት ተለብጧል።

«ውሃችሁ ከየት ነው?»

«ከአለቱ» አሉ አባ። «ከላይ ያለው ጠበሉ ነው፤ እኛ የምንቀዳው ከሥር የሚወርደውን ነው። ድንጋይ አለበት፣ ዕቃ ያነጣል።»

ሽመክት ከቅርፊቱ በጥፍሩ ፍቆ ሎሚ ጠብ አደረገበት። ጭስስ ብሎ አረፋ አወጣ። ከኪሱ ወረቀቱን አውጥቶ ከኮይሏ ላይም ቅንጣት ፋቀና ሎሚ ጠብ አደረገ። እሱም ጭስስ አለ። ያቺ ኢምንት ብረት አፍ አውጥታ የተናገረች መሰለኝ።

ኪዳነ ወልድ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስቦ ወደ ጓዳ ገባ።

ውጭ ስንወጣ ጉም ከገደሉ ሥር ሽቅብ ይወጣ ነበር። ሽመክት ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ከፍሬአብ ጋር ያወራል። ስልኩን ዘጋና «ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው» አለኝ። «ፍሬአብ ግን እብድ ካልሆነ ማንም ውሃ አይጨምርበትም ይላል። ምን ያደርግለታል?»

ያኔ ገባኝ። «ሽመክት፣ ውሃ ብሎ አይደለም የጨመረው። ጠበል ነው።»

«ምን?»

«ሰው ልተወው ብሎ ያቃተውን ነገር ጠበል ያስነካዋል። አክስቴ የባሏ አረቄ ጠርሙስ ውስጥ ትጨምር ነበር።»

«ተወ?»

«አልተወም። ግን በጠጣ ቁጥር ያማትብ ጀመር።»

አልሣቀም። ኮይሏን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ጉሙ ውስጥ ቆመ። «ስለዚህ ይህ ሰው በየቀኑ እየሳበ በየቀኑ እንዲያስተወው ይለምን ነበር» አለ። «ልመናው ነው ድንጋይ ሆኖ ሽቦውን ያቃጠለበት። ሸዋረጋ፣ እኔ ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ማስረጃ በእጄ ይዤ አላውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ወንጌል ሰርቆ አይሸጥም።»

«ታዲያ መጽሐፉ የት ሄደ?»

መልስ ሳይሰጠኝ ወደ ዓለም ከተማ ደወለ፤ እዚያ ፖሊስ ጣቢያ አብሮ አደጉ አለ። ራቅ ብሎ ነው ያወራው። ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል።

«ማን ነው?» አልኩት።

«የአባ ግዝት ሰምቶ ዝም ያለ ይላል አይደል? እስከ ነገ ባትሰሚ ይሻልሻል። እኔ አንዴ ሰምቼ ታስሬያለሁ።» ቀልዱን ነው ብዬ አየሁት፤ አልነበረም።

*

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ደረስን። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ ቆሟል። ጠፍ መሬት ላይ እንኳ እንዲያ ያለ ዝምታ የለም፤ ሕፃናቱ አያለቅሱም። አባ ወልደ ጻድቅ ደጀ ሰላሙ ላይ መስቀል ይዘው ቆመዋል።

ሽመክት ቆቡን አውልቆ ተጠጋቸው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። «አባቴ፣ ግዝቱን አያውጡ» አላቸው በጆሯቸው።

«አገኘኸው?»

«መጽሐፉ ደኅና ነው። አልተሸጠም። አንድ መነኩሴ ብራናውን እያበጁት ነው።»

«የት?»

ሽመክት አመነታ። «ዓለም ከተማ።»

የሽማግሌው ዓይን ቀስ ብሎ ከሽመክት ላይ ተነስቶ ወደ ዲያቆናቱ ሄደ፣ እዚያም ቀረ። ማን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ። ሕዝቡ ይጠብቃል። ቢናገሩ የገዛ ልጃቸውን ማሰራቸው ነው፤ ዝም ቢሉ አደራቸውን መብላታቸው ነው። መስቀሉን ከፍ አደረጉ። አፋቸውን ከፈቱ።

ኪዳነ ወልድ ከመሐል ወጥቶ በግንባሩ ተደፋ።

«አባቴ፣ እኔ ነኝ» አለ። ያን ድምፅ መንዝ ሁሉ ያውቀዋል። ፍሬአብ ሱቅ ፊቱን ሸፍኖ በጣቱ ሲገዛ የኖረው ለዚህ ነበር፤ አንድ ቃል ቢተነፍስ ይታወቅ ነበርና። «ደብረ ብርሃን ስማር ነው የጀመርኩት። ትምባሆ አይደለም፣ እንፋሎት ነው አሉኝ፤ ስለ እንፋሎት የተጻፈ የለም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከዚያ መተው አቃተኝ። በጠበል ለወስኩት፤ ብረቱ ይቃጠላል እንጂ እኔን አልለቀቀኝም። ሰኞ ወንጌሉ ፎቶ ተነስቶ ሲያልቅ ልመልሰው ገባሁ። ብቻዬን ሆንኩ። ስስብ ብረቱ ተቃጠለብኝ፤ ሳይበርድ ነቅዬ ልቀይር ስል ጣቴን ፈጀኝና ጣልኩት። ክዳኑን መትቶ የተገለጠው ቅጠል ላይ አረፈ። ብራናው ዓይኔ እያየ ተጨማተረ። መነኩሴው አባ ገብረየሱስ ጋ ታቅፌው ወረድኩ፤ ሳይታወቅ አሳድኜ ልመልሰው። ከዚያ ፈራሁ።»

ማጉረምረም ተነሳ። አንዱ «ክህነቱ ይያዝ!» አለ። ሌላው «ትምባሆ! በእመቤታችን ቤት!» አለ። አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ ታለቅሳለች።

አባ ወልደ ጻድቅ የወገባቸውን ቁልፍ ፈቱና መሬት ላይ አኖሩ። ከዚያ ያ ጉልበታቸው፣ ደረጃ የማያስወጣቸው ጉልበታቸው፣ ተንበረከከ። ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዞሩ።

«ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ልጄ ሲከሳ እያየሁ ጾም ነው ያልኩ እኔ ነኝ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ይፍቱኝ።»

ሕዝብ ለቄስ ይፍቱኝ ሲል ነው የኖረው። ቄስ ተንበርክኮ ሕዝብን ይፍቱኝ ሲል ያየ በዚያ ግቢ ማንም አልነበረም። ሽመክት እንኳ ጋቢው ወድቆ አላነሳውም። ከዚያ ያቺ የምታለቅሰው ሴትዮ ከኋላዬ «እግዚአብሔር ይፍታ» አለች፤ አጠገቧ ያለው ደገመው፣ ከገደሉ አፋፍ እስከ በሩ ድረስ ሁሉም «እግዚአብሔር ይፍታ» አለ። ጸጉሬ ቆመ። አሁንም ስጽፈው ይቆማል።

*

አባ ገብረየሱስ ወንጌሉን ይዘው በአውቶቡስ መጡ። ቃጠሎው የቅጠሉን ዳር አጨማትሮ ፊደሉ ጋ ሲደርስ ቆሟል፤ መነኩሴው አዲስ ብራና ጥፈውበታል። ቴዎፍሎስ እንኳ ጣቱን ሳያሳርፍ አየውና አንገቱን ደፋ። ሽመክት በሕጉ የሚገባውን ጽፎ ጨረሰ፤ የኪዳነ ወልድን ክህነት ነገር ለአባቶች ተወ። ልጁ ሱባኤ ገብቷል፤ የሚስብበትን ዕቃ ለእኔ ነው ያስረከበኝ።

ልንሰናበት ስንል አባ ወልደ ጻድቅ እስከ መኪናው ሸኙን። ቁልፉን ሕዝቡ መልሶላቸዋል።

«ልጄ፣ አንድ ነገር አልገባ አለኝ» አሉት ሽመክትን። «ያን ያህል እየለመነ ጠበሉ ስለምን አልረዳውም?»

ሽመክት ከኪሱ ወረቀቱን አውጥቶ ፈታው።

«አባቴ፣ ጠበሉ ባይነካት ይቺ ብረት ያን ቀን አትቃጠልም ነበር» አለ እያሰበ። «ባትቃጠል እዚያ አትወድቅም። ባትወድቅ እኛ ማንነቱን አናውቅም፤ እሱም ፊቱን ሸፍኖ ለብቻው እየታገለ ይኖር ነበር።»

አባ ብረቷን ከወረቀቱ ላይ አነሱ። ትምባሆ ሲባል ያማተቡት እኚያው ሽማግሌ መዳፋቸው ላይ አድርገው ነጩን ቅርፊት ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ከንፈራቸው አስጠግተው ሳሙት፣ ግንባራቸውንም አስነኩት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑም ይዘውት ሄዱ።

ኤግዚቢት ነው፣ ይመልሱልን ለማለት ሁለታችንም አፍ አጣን።